በቅጹ ላይ የሌለው ሥራዬ

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ሕመም በእኔ አፍ ሲነገር ኖረ። የቅጥር ደብዳቤዬ ላይ ግን የተጻፈው «የጽዳት ሠራተኛ» የሚል ነው። ሁለቱም እውነት ነው። ያስቆጣኝ አንዱ ብቻ እውነት ነው መባሉ ነበር።

የምሠራበትን ጤና ጣቢያ ስም አልጽፍም። ከሚዛን ብዙ አይርቅም። እዚያ የነበሩ ሰዎች ራሳቸውን ያውቃሉ፤ ለሌላው ሰው ስሙ ምንም አይጨምርለትም። እኔ የተወለድኩት ከሸዋ ቤንች በላይ ባለው ዳገት፣ ቡናና ኮረሪማ በዛፍ ጥላ ሥር በሚበቅልበት መንደር ነው። አባቴ ቤንች ነው፤ እናቴ ከቴፒ በኩል አግብቶ ያመጣት ሸኮ ናት። ቤታችን ውስጥ አባቴ በቤንችኛ ይቆጣል፣ እናቴ በሸኮኛ ትመልሳለች፣ እኛ ልጆቹ ሁለቱንም እየሰማን ዝም እንላለን። አማርኛ ሦስተኛዬ ነው። ትምህርት ቤት ጀመርኩት፣ አማን ከተማ አክስቴ ቤት ተቀምጬ ስማር አሻሻልኩት። ዐሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቱ ሲቆም አማርኛው ከእኔ ጋር ቀረ።

ስቀጠር የተሰጠኝ አንድ ባልዲ፣ አንድ መወልወያ፣ የእጅ ጓንትና በረኪና ነበር። ሥራው ቀላል አይደለም። በእኛ አገር ዝናቡ የዓመቱን አብዛኛውን ይወስዳል። ቀዩ ጭቃ በሰው እግር ይገባል፣ ሲደርቅ አቧራ ይሆናል፣ ሲወለወል መልሶ ጭቃ ይሆናል። ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጨርሼ ዞር ስል የጀመርኩበት ጫፍ ቆሽሾ ይጠብቀኛል። ያም ሆኖ ሥራውን አልጠላሁትም። ንጹሕ ወለል ላይ ሕፃን ሲድህ ማየት ደስ ይለኛል።

በሁለተኛው ሳምንት አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ምርመራ ክፍል ገባች። መርማሪው ከሰሜን የመጣ ወጣት ጤና መኮንን ነው፤ ሁላችንም ዶክተር እንለዋለን። «ልጁ ምን ሆነ?» አላት። ሴትዮዋ በቤንችኛ መለሰች። እሱም ጆሮዋ የማይሰማ ይመስል ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመላት። እሷም መልሷን ደገመችለት። እኔ በሩ አጠገብ እየወለወልኩ ነበር። ቀና ሳልል፣ «ጡት እንቢ ካለ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ሰውነቱ ይግላል ትላለች» አልኩ።

ዶክተሩ ዞሮ አየኝ። «ቋንቋቸውን ትችያለሽ?»

«ቋንቋዬ ነው።»

«ጎሽ። በይ እዚያው ቁሚ።»

ያ «እዚያው» የእኔ ቦታ ሆኖ ቀረ። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ወንበር ነበር፤ አንዱ የእሱ፣ አንዱ የታካሚው። እኔ በሩ ላይ መወልወያዬን ተደግፌ እተረጉማለሁ፤ ሲበቃ «በቃ፣ ሂጂ» እባላለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ «ጽዳት፣ ነይ እስቲ» የሚል ድምፅ ከየክፍሉ ይጠራኝ ጀመር። ከምርመራ፣ ከማዋለጃ፣ ከክትባት፣ ከካርድ ክፍል። ቤንችኛም ይሁን ሸኮኛ፣ የሚጠሩት እኔን ነው። ካፊኛውንም ከጎረቤት ለቃቅሜ ነበርና አንዳንድ ቀን በእሱም ተጠርቻለሁ።

ማስተርጎም ቃል በቃል መቀየር ይመስላቸዋል። አንድ ሽማግሌ ወገባቸውን ታመው ሲመጡ ወሬውን የሚጀምሩት ልጃቸው ከሞተበት ዓመት ነው፤ ማሳውን ብቻቸውን መቆፈር የጀመሩት ያን ጊዜ ነውና። ዶክተሩ የሚፈልገው «ከመቼ ጀምሮ» የምትለዋን ብቻ ነው። እኔ መሐል ቆሜ የሽማግሌውን ኀዘን ሳልንቅ የዶክተሩን ሰዓት መቆጠብ አለብኝ። አንዲት ወጣት ደግሞ ራሴን አመመኝ ትልና፣ ዶክተሩ ሊጽፍ ጎንበስ ሲል በዓይኗ ወደ እኔ ታያለች። ያኔ «ዶክተር፣ አንዴ ውጣልን» ብዬው አውቃለሁ። መቼም ሰው ነው፣ ወጥቶልናል። ሲመለስ ልጅቱ የፈቀደችውን ያህል ነገርኩት፣ ያልፈቀደችውን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ይህን ማንም አላስተማረኝም።

በዚህ ላይ አማርኛዬ ይሳቅበት ነበር። በመጀመሪያው ወር «ዶክተር፣ ሽማግሌው ትጠብቅሃለች» ብዬ ወንዱን ሴት አድርጌ ተናገርኩ። ካርድ ክፍል ያሉት ይህችን ንግግር ለዓመታት ተጫወቱባት። ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ «ጓዶች፣ ሻዩ ትጠብቀናለች» ይባባላሉ። አብሬ እስቅ ነበር። አብሬ መሳቄ ዛሬም ይቆጨኛል። እነሱ በእኔ ቋንቋ «ውሃ» ማለት እንኳ አይችሉም ነበር፤ የሳቀባቸው ግን የለም።

አንድ ሰው ግን ነበረ፣ መርዳት የሚችል። የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ። የአገሬ ልጅ ነው፤ የእሱ መንደርና የእኔ መንደር የአንድ ሰዓት መንገድ አይራራቁም። አማርኛው ግን አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ያስመስለዋል። ቤንችኛ ይችል እንደሆነ ሲጠየቅ «ከተማ ነው ያደግኩት፣ አልሰማም» ይላል። በመስኮቱ በኩል ለአሮጊት መድኃኒት ሲሰጥ ጣቱን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያደረገ ያሳያል። ካልገባት እኔ እጠራለሁ። አንድ ቀን ከመጋዘኑ ጀርባ ጨርቅ ላሰጣ ሄጄ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። ከእናቱ ጋር ነበር። የእኔ አባት የሚናገረውን ቤንችኛ፣ ያውም ጥርት ያለውን፣ ይናገር ነበር። አየኝ፣ አየሁት። ጨርቄን አስጥቼ ተመለስኩ። ለማንም አልተናገርኩበትም። ሰው የደበቀውን ነገር መግለጥ የእኔ ሥራ አይደለም ብዬ ነው። ግን ሸክሙ የሁለት ሰው እንደነበር፣ የምሸከመውም እኔ ብቻ እንደሆንኩ ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቄያለሁ።

ነገሩ የፈነዳው በዓመታዊ ምዘና ነው። ኃላፊያችን ዕድሜያቸው የገፋ፣ ሥርዓት የሚወዱ፣ ወረቀት ሳይዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ቢሯቸው አስጠርተው ቅጹን ገፋ አደረጉልኝ። ከመካከለኛ በታች ነበር የተሰጠኝ። ምክንያቱ ከታች በብዕር ተጽፏል፦ «ከሥራ ገበታዋ ላይ ትጠፋለች፤ ኮሪደሩ ከረፋድ በኋላ ይቆሽሻል።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

«ጋሼ፣ የምጠፋው ምርመራ ክፍል ነው። እያስተረጎምኩ።»

«ማን መደበሽ?»

«ዶክተሩ ይጠራኛል። አዋላጇም ትጠራኛለች።»

«በደብዳቤ ነው?»

«በአፍ ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን ስጽፍ ክፉ ላደርጋቸው አልፈልግም። «እዪ ልጄ» አሉኝ፣ «በአፍ የተሠራ ሥራ በአፍ ይቀራል። እኔ የምመዝነው በሥራ መዘርዝርሽ ነው። መዘርዝርሽ ላይ ማስተርጎም የሚል የለም። ወለል ማጽዳት የሚል ነው ያለው። ወለሉ ደግሞ ቆሽሿል። ፈርሚ።»

ፈረምኩ። ከዚያ ወደ አማን በእግሬ ስመለስ ዝናብ ያዘኝ፤ የማንም በረንዳ ሥር አልተጠለልኩም። ባጃጅ የሚነዳ የጎረቤት ልጅ አይቶኝ ቆሞ «ግቢ» አለኝ፤ «ልሂድበት ተወኝ» አልኩት። ቤቴ ስደርስ ያሰብኩትን ጨርሼ ነበር። ሊመዝኑኝ የፈለጉት በመወልወያ ከሆነ መወልወያዬን እይዛለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ኮሪደሩ እንደዚያ ቀን ጸድቶ አያውቅም። ሦስት ሰዓት ላይ ዶክተሩ «ነይ እስቲ» ሲል ሰማሁት። መወልወሌን ቀጠልኩ። በሩ ላይ ብቅ አለ።

«እየጠራሁሽ ነው።»

«ሰምቻለሁ ዶክተር። ሥራ ላይ ነኝ።»

«ሁለት ደቂቃ ነው።»

«ሁለት ደቂቃው ነው ከመካከለኛ በታች ያደረገኝ። በደብዳቤ ይመድቡኝና እመጣለሁ።»

ቀልድ መሰለው። ከዚያ ፊቴን አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰው እየታመመ ነው» አለኝ።

«እኔም አይቻለሁ። ደብዳቤውን አንተም ልትጠይቅልኝ ትችላለህ።»

ተመልሶ ገባ። በዚያ ቀን በምርመራ ክፍሉ ውስጥ የተነገረው አማርኛ በሙሉ በጩኸት ነበር። እኔ እያንዳንዱን ድምፅ እየሰማሁ ወለወልኩ። አልዋሽም፤ ከባድ ነበር። ከቤንች መንደር የመጣች ሴት ኮሪደር ላይ አይታኝ በቋንቋችን «እህቴ፣ ምን አለኝ?» ስትል ጎንበስ ብዬ ባልዲዬን እየጨመቅኩ፣ በሹክሹክታ ነግሬያታለሁ።

በአራተኛው ቀን አንዲት እናት ልጇን ይዛ ተመለሰች። ልጁ አልተሻለውም። ኮሪደር ላይ በቋንቋችን ስናወራ ነገሩ ወጣ። በቀን ሦስት ጊዜ ስጪው የተባለችውን ሽሮፕ በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ነበር የሰጠችው። ጣት ሦስት ጊዜ ታይቷል፣ እሷም ሦስት አይታለች፤ የቀን ይሁን የጊዜ ጣት አይናገርም። ልጁ ዳነ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን በዚያ ቀን ምሳ መብላት አቃተኝ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለራሴ ደጋግሜ ጠየቅኩ። የእኔ ድርሻ እንዳለበት አልክድም። ነገር ግን ያለ እኔ ሁለት ቀን መቆም የማይችል ቤት ለእኔ የሚሆን አንድ መስመር እንኳ በቅጹ ላይ አለማኖሩ የማን ጥፋት ነው?

እንግዲህ ቢሮውን ነው ያኮረፍኩት፣ ሰዉን አይደለም። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ያዝኩ። ግቢው ውስጥ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ አለ። የምሳ ሰዓቴ ስድስት ተኩል ላይ ሲጀምር ጓንቴን አወልቄ፣ እጄን ታጥቤ፣ ዛፉ ሥር ተቀመጥኩ። «መድኃኒት የያዘ፣ ያልገባው ይምጣ» አልኩ፤ በቤንችኛም በሸኮኛም። በመጀመሪያው ቀን አምስት ሰው መጣ። በሳምንቱ ቁጥራቸውን አላውቀውም። ካርዳቸውንና መድኃኒታቸውን ይዘው በሣሩ ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔ ከብልቃጡ ላይ እያነበብኩ እነግራቸዋለሁ። ያላወቅኩትን «ይህን ገብተሽ ጠይቂ፣ እንዲህ ብለሽ» እያልኩ አማርኛውን ቃል በቃል አስጠናቸዋለሁ። ከቡና ለቀማ የመጡ ሰዎች ቅርጫታቸውን እዚያው አስቀምጠው ያዳምጡ ነበር። አንዳንዶቹ ጭራሽ ወደ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ወደ እኔ መምጣት ጀመሩ። አንድ ቀን ሰልፉ ከካርድ ክፍሉ ይልቅ ዛፉ ሥር በለጠ።

ኃላፊው ወጥተው አዩ። «ይህ ምንድን ነው? ማን ፈቅዶልሽ ነው ሰው የምትሰበስቢው?» አሉኝ።

«የምሳ ሰዓቴ ነው ጋሼ። በመዘርዝሬ ላይ ምሳ መብላት ክልክል ነው የሚል የለም።»

«ምሳ ስትበዪ አላይም።»

«አልራበኝም።»

ሰዎቹ ምን እንደተባባልን ባይገባቸውም ሳቁ። ኃላፊው ወደ ቢሯቸው ተመለሱ።

ከዚህ ጥቂት ሳምንት በኋላ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። «በሥራ ቦታ ብዝኃነትንና አካታችነትን ስለማሳደግ» የሚል የሁለት ቀን ሥልጠና። አሠልጣኙ ከውጭ ይመጣል፣ የሁሉም ክፍል ሠራተኞች ይሳተፋሉ ይላል። ስም ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ወረድኩ። ከታች፣ መስመር ተሰምሮ፣ የእኛ የጽዳት ሠራተኞቹ ስም አለ፤ «አዳራሽ ዝግጅትና መስተንግዶ» በሚል ርእስ ሥር።

አብራኝ የምትሠራው ከካፋ የመጣች፣ በዕድሜ ትልቅ የሆነች ሴት ናት። አንብቤ ስነግራት «ምን ያስቅሻል?» አለችኝ።

«አካታችነት ማለት ሁሉንም ማስገባት ማለት ነው፤ እኛን ወንበር ለመደርደር አስገብተውናል።»

«ወንበር መደርደር ለመድነው» አለች። ከዚያ «ምን ልታደርጊ ነው?» አለችኝ። ታውቀኛለች።

ወንበሮቹን ደረደርን። የለስላሳ ሣጥኖቹን አስገባን። ፕሮጀክተሩ የሚያርፍበትን ጠረጴዛ ወለወልን። ሠራተኞቹ ገብተው ሲቀመጡ ጋውኔን አወለቅኩና ከኋላ ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ባልደረባዬ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ኃላፊው ከፊት ዞረው በዓይናቸው «ተነሽ» አሉኝ። እኔም በዓይኔ «አልነሣም» አልኳቸው። እንግዳ ፊት ሊቆጡኝ አልቻሉም።

አሠልጣኙ ደግ ፊት ያለው፣ አንደበቱ የተባ ሰው ነበር። ብዙ ነገር አለ፤ ብዙው ጥሩ ነበር። ሰው በቋንቋው፣ በሃይማኖቱ፣ በአካል ጉዳቱ፣ በጾታው ወደ ጎን መገፋት የለበትም አለ። ሠራተኞቹ በየማስታወሻ ደብተራቸው ጻፉ። ከዚያ «እስቲ በእናንተ መሥሪያ ቤት ድምፁ የማይሰማ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ ሌላውን አየ። እጄን አወጣሁ።

«እሺ እህቴ፣ ተናገሪ።»

ተነሣሁ። በአማርኛ ልጀምር ነበር። ካርድ ክፍል ያሉት ሁለቱ ልጆች ገና አፌን ሳልከፍት እርስ በርስ ሲተያዩ፣ ከንፈራቸው ጥግ ላይ ያችን ፈገግታ አየኋት። አማርኛዬን መልሼ ዋጥኩና በቤንችኛ ጀመርኩ። በቀስታ፣ ቃሉን ሳልቆራርጥ፣ አባቴ በሽምግልና ላይ እንደሚናገረው ተናገርኩ። ቤንችኛዬ ውስጥ የሚሳቅበት ስሕተት የለም። የምፈልገውን ሁሉ ብዬ ስጨርስ ቆሜ ቀረሁ።

አሠልጣኙ ዙሪያውን አየ። «ይቅርታ፣ እኔ ቋንቋውን አልችልም። ማን ይተርጉምልን?»

እዚህ ላይ የሆነውን እስክሞት አልረሳውም። የሁሉም አንገት በአንድ ጊዜ፣ በልማድ፣ ዞሮ በሩ ላይ እኔን ፈለገ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የቆምኩበትን ቦታ። እዚያ አልነበርኩም። ከዚያ አንገታቸው ተመልሶ ወደ እኔ ዞረ። ዶክተሩ ራሱን አቀረቀረ። አዋላጇ ፈገግ አለች፣ የአሽሙር ግን አይደለም። ነገሩ የገባት መሰለኝ።

«እኔ ነኝ የማስተረጉመው» አልኩ በአማርኛ። «ዛሬ ግን የራሴን እየተናገርኩ ነው። ሌላ ሰው ይተርጉም።»

አሠልጣኙ የጨነቀው መሰለ። ያን ጊዜ ከመሐል ረድፍ ወንበር ተንቋቋ። የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ቆሞ ነበር። ሸሚዙን እያስተካከለ፣ ማንንም ሳያይ፣ «እኔ እሞክራለሁ» አለ። ካርድ ክፍል ያሉት አፋቸውን ከፈቱ።

«እህታችን... ለዚህ ሥልጠና አዘጋጆቹን ታመሰግናለች» ብሎ ጀመረ። «የቋንቋ ጉዳይም ትኩረት ቢሰጠው ጥሩ ነው...»

«አላመሰገንኩም» አልኩ።

ዞሮ አየኝ። ጆሮው ቀልቶ ነበር።

«ትኩረት ይሰጠው አላልኩም። ያልኩትን በል።»

አንድ ጊዜ ወደ ጣሪያው አየና እንደገና ጀመረ፤ አሁን ድምፁ ሌላ ነበር። «እንዲህ ነው ያለችው። ይህ ቤት የቆመው በእኛ መሬት ላይ ነው። የሚታከመው ሰው አብዛኛው የእኛ ሰው ነው። እናንተ ከሩቅ መጥታችሁ ታክሙናላችሁ፣ ስለዚህ እናከብራችኋለን። ነገር ግን ዘጠኝ ዓመት የእናንተ ጆሮና የእነሱ አፍ የሆንኩት እኔ ነኝ። ለዚህም ወንበር አልተሰጠኝም። ወለሉ ቆሽሿል ተብዬ ተቀጣሁ። ድምፁ የማይሰማ ሰው አለ ወይ ብላችሁ ጠየቃችሁ። ወንበሩን የደረደሩላችሁ ሰዎች ስማቸው ከመስመር በታች ነው። ማንበብ የሚችል ሰሌዳውን ይይ። ይህን ነው ያለችው።» ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ጨመረ፦ «እኔም ቤንች ነኝ። ቋንቋውን እችላለሁ። ዘጠኝ ዓመት አልችልም ብያለሁ።»

ተቀመጠ።

ከዚያ ተአምር ሆነ አልልም። አሠልጣኙ «በጣም ጠቃሚ ሐሳብ ነው» ብሎ ትልቁ ወረቀት ላይ «ቋንቋ» ብሎ ጻፈ፣ አሰመረበት፣ ቀጠለ። የሻይ ዕረፍት ሲሆን ባልደረባዬ ትሪውን ልታነሣ ስትል ዶክተሩ ቀድሟት አነሣውና ራሱ አዞረ። እጁ አልለመደም፤ ሁለት ብርጭቆ ደፋ። ወለሉን ልወለውል ስነሣ «ተይው፣ ተቀመጪ» አለኝ። እኔም ተቀመጥኩ።

በሳምንቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። «ሥልጠናን በማወክና የተመደቡበትን ተግባር ባለመፈጸም» ይላል። ደስ አለኝ ብል ማን ያምነኛል? ግን ደስ ብሎኛል። በአፍ የነበረው ነገር በወረቀት ሆነ። በወረቀት መልስ እንደምሰጥበት ለኃላፊው ነገርኳቸው።

መልሱን ለመጻፍ ከጽዳት ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ተቀምጬ ሳለሁ የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ መጣ። በሩ ላይ ቆመ። በቤንችኛ፣ «ያን ጊዜ ከመጋዘኑ ጀርባ ሰምተሽኛል» አለኝ።

«ሰምቻለሁ።»

«ለምን አልተናገርሽብኝም?»

«አንተ ነህ መናገር የነበረብህ።»

ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። ልጅ ሆኖ ከተማ ለትምህርት ሲገባ በአነጋገሩ እንዴት ይሳቅበት እንደነበር፣ ያን ጊዜ ቋንቋውን እንደ ቆሻሻ ልብስ አውልቆ መደበቅ እንደጀመረ ነገረኝ። አዳመጥኩት። አዘንኩለት። ግን ዝም ብዬ አላለፍኩትም።

«እኔም ተስቆብኛል ወንድሜ። የሁለታችንም አንድ ነው። ልዩነቱ፣ የአንተን ድርሻ ጭምር የተሸከምኩት እኔ መሆኔ ነው። ይቅርታ ከፈለግክ ከነገ ጀምሮ በመስኮትህ በኩል ለአሮጊቶቹ በአፋቸው ንገራቸው። ለእኔ ምንም አትበለኝ።»

በማግስቱ በመስኮቱ በኩል የመጀመሪያውን ቤንችኛ ሲናገር ሰማሁት። መድኃኒት ተቀባይዋ አሮጊት ደንግጠው «አንተ የማን ልጅ ነህ?» አሉት። የአባቱን ስም ነገራቸው። መድኃኒቱን ትተው የአባቱን ጤንነት ይጠይቁት ጀመር፤ ከኋላ የተሰለፈው ሰው ቢያጉረመርምም ግድ አልነበራቸውም።

መልሴን በሦስት ገጽ ጻፍኩ። ባለሙያው አማርኛዬን ላርምልሽ ሲል አልፈቀድኩም፤ ስሕተቱም የእኔ ይሁን አልኩ። ያልጠበቅኩት ዶክተሩን ነው። ከእኔ ደብዳቤ ጋር የራሱን አያይዞ ለኃላፊው አስገባ። ያለ አስተርጓሚ የሚሰጠው ሕክምና ለታካሚውም ለእሱም አደጋ እንደሆነ፣ የሽሮፑን ነገር ጨምሮ፣ ጥፋቱን ሳይደብቅ ጽፎታል። ኃላፊው ሁለቱንም አንብበው ጨረሱ። ከዚያ «መደብ የለም» አሉኝ። «በመዋቅሩ ላይ አስተርጓሚ የሚባል መደብ የለም። እኔ መደብ አልፈጥርም።»

«እናንተ ካልጠየቃችሁ ማን ይጠይቃል? እስከዚያው ምደባዬን በእጅዎ ይጻፉልኝ።»

ከብዙ ቀን በኋላ ጻፉልኝ። ጠዋት ጠዋት በትርጉም ሥራ፣ ከሰዓት በኋላ በጽዳት፣ ለጊዜው። በምዘናው ቅጽ ላይም «ማስተርጎም» የሚል አንድ ረድፍ በማስመሪያ አስምረው በራሳቸው እጅ ጽሑፍ ጨመሩ። ማስጠንቀቂያው ግን አልተነሣልኝም፤ እስከ ዛሬ ፋይሌ ውስጥ ነው። ደረጃዬም የጽዳት ደረጃ ነው። በየዓመቱ ማመልከቻ አስገባለሁ፣ በየዓመቱ «ለሚመለከተው ተልኳል» እባላለሁ። አልደክምም። ካርድ ክፍል ካሉት አንዱ ባለፈው ዓመት ልማር ብሎ ሲመጣ «ደህና አደርክ፣ የት አመመህ» የሚሉትን በቤንችኛ አስተማርኩት። ወንዱን ሴት አድርጎ ሲናገር አልሳቅኩበትም። አንድ ጊዜ ግን ፈገግ ብያለሁ፣ ያን ያህል ጻድቅ አይደለሁም።

ባለፈው ክረምት ከቱም ከተማ በኩል የመጣች አንዲት ሴት አመጡልኝ። ዲዚኛ እንጂ ሌላ አትሰማም። ሸኮኛና ዲዚኛ ዘመዳሞች ናቸው ሲባል እሰማ ነበርና ተስፋ አድርጌ ጀመርኩ። አንዳንዱ ቃል የማውቀው መሰለኝ፣ ስይዘው አመለጠኝ። ሴትዮዋ ደረቷን እያሳየች ታወራለች፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ምንም አልገባኝም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ዶክተር የቆመበት ቦታ ላይ ቆምኩ። ልጮህባት ከንፈሬን ስከፍት ራሴን ያዝኩ። «ጠብቂኝ» የሚለውን በእጄ አሳይቻት ወጣሁ፤ ገበያ ወርጄ፣ ከዚያ አገር ማር እያመጣች የምትሸጥ ሴት አግኝቼ፣ ማሯን ለጎረቤቷ አስረክባልኝ ይዣት ተመለስኩ። ነጋዴዋ ከታማሚዋ ጎን ተቀምጣ ስትተረጉም እኔ ቆሜ አዳመጥኩ። ስትጨርስ እጇን ይዤ አመሰገንኳት፣ ስሟንም መዝገብ ላይ አጻፍኩላት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ።

«ዲዚኛ የሚናገር ሰው ያስፈልገናል» አልኳቸው። «ምዕኒትኛም የሚናገር። የሚመጡት ሰዎች እየበዙ ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «አንቺ ልጅ፣ የራስሽ መደብ ገና አልጸደቀም እኮ።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ሁሉንም በአንድ ማመልከቻ አድርጌዋለሁ።»

የማመልከቻውን ሁለት ገጽ ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩ። ሳይቀበሉኝ ከቢሮው አልወጣሁም።